ቢራውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን አብራ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በትንሽ መሣሪያ ቢራ እንጠምቃለን። አብዛኛውን በራሳችን ግቢ በጃምቦ እንሸጣለን፤ ጥቂቱን በጠርሙስ እናወጣለን። ሦስት ዓይነት አለን፦ ነጣ ያለ ላገር፣ የስንዴ ቢራና ጥቁር። ለቴሌግራምና ለፌስቡክ ገጻችን ፎቶ ስናነሳ ግን አይሆንልንም። ላገሩ ያደረ ሻይ ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ መስኮቱም እኔም እንታያለን። አረፋው ካሜራው እስኪዘጋጅ ይከስማል። ያለን አንድ ስልክና ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ የቆየ ካኖን ነው። ፍላሽ ገዝተን ሞከርን፤ ባሰበት። ሁለት ትልልቅ መብራት እንግዛ? ወይስ ባለሙያ እንቅጠር?

ምላሽ፦

አቦ፣ ለጊዜው ገንዘቡ ኪስህ ይቆይ። የዘረዘርከው ችግር የብርሃን ማነስ አይደለም፤ የብርሃን አቅጣጫ ነው። ድሬ ተቀምጦ ብርሃን አነሰኝ የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ወይም ምግብ ስታነሳ ብርሃኑ ከፊት ወይም ከጎን መጥቶ ያርፍበታል፤ ከዚያ ተመልሶ ካሜራህ ውስጥ ይገባል። ቢራ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ከፊት የላክኸው ብርሃን ብርጭቆውንም ቢራውንም አልፎ ይሄዳል። የሚመለሰው ከብርጭቆው ገጽ ላይ የተንጸባረቀው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ እሱም ነጭ ቦግታ ሆኖ ፎቶውን ያበላሻል። ፍላሽህ የሠራው ይህንኑ ነው። ካሜራው ቢራው ውስጥ የሚያየው ደግሞ ከብርጭቆው ጀርባ ያለውን ነው። ከጀርባው ቡናማ ጠረጴዛና ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ካለ፣ ላገርህ የጠረጴዛውንና የጥላውን ቀለም ይለብሳል።

ስለዚህ ቢራውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን አብራ። ይህን ከያዝክ የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ከመስኮት ጀምር። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት ይሁን። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሰሜን የሚያየው መስኮት ይመረጣል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ደቡብ የሚያየው ይሻላል። መስኮቱን ከላይ እስከ ታች በአቡጀዴ ሸፍነው። አቡጀዴው ነጭና የተተኮሰ ይሁን፤ ጭምድድ ካለ ጭምድዱ ቢራው ውስጥ ይታያል። አበባ ያለበት መጋረጃ አይሆንም፤ ክሬም ቀለም ያለውም አይሆንም። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቀህ አስቀምጥ። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ አንተ ደግሞ ፊትህን ወደ መስኮቱ አድርገህ ቁም። የክፍሉን አምፖሎች በሙሉ አጥፋ። ቢጫ አምፖልና የቀን ብርሃን ከተቀላቀሉ ቀለሙን በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

አሁን አንድ ፎቶ አንሳ። ላገሩ ወዲያው ወርቅ ይሆናል። ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ የብርጭቆው ጠርዝ ከነጩ ጀርባ ጋር ተዋህዶ ይጠፋል። መፍትሔው ጥቁር ካርቶን ነው። ሁለት ቁራጭ ከብርጭቆው ግራና ቀኝ አቁም፤ ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ ብቻ ጠንቀቅ በል። ብርጭቆው ጠርዙ ላይ ጥቁሩን ያንጸባርቅና ቀጭን ጥቁር መስመር ያወጣል። ካርቶኖቹን ስታቀርባቸው መስመሩ ይወፍራል፤ ስታርቃቸው ይቀጥናል። ካርቶኑን በጣት በጣት እያንቀሳቀስክ ስክሪኑን እይ። ይህን ጨዋታ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የብርጭቆ ፎቶ ጥራት የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ቢራ የሞላ ክብ ብርጭቆ ራሱ ሌንስ ነው። ከጀርባው ያለውን ግራና ቀኝ ገልብጦ፣ ሰፊውን ጨምቆ ያሳያል። ስለዚህ ከብርጭቆው ትንሽ የሚሰፋ ብርሃን በቂ አይደለም። መስኮቱ ጠባብ ከሆነ የግድግዳው ጨለማ በሁለቱም በኩል ተጣጥፎ ቢራው ውስጥ ይገባል። ያኔ ወይ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አቅርብ፣ ወይ አቡጀዴውን በር ላይ ዘርጋ። ወደ ግቢ የሚከፈት ድርብ በር ካለህ ከመስኮት ሁሉ ይበልጣል።

ነጭ ጀርባ ካልወደድክስ? የምሽት ስሜት ያለው፣ ጀርባው ጠቆር ያለ ፎቶ ብዙ ጠማቂ ይወዳል። ያኔ ከብርጭቆው ጀርባ ትንሽ ካርድ ትደብቃለህ። ነጭ ወረቀት በብርጭቆው ቅርጽ፣ ግን ትንሽ አነስ አድርገህ ቁረጥ። ከብርጭቆው ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ አዘንብለህ አቁመው፤ ከላይ ወይም ከጎን የሚመጣው ብርሃን እሱ ላይ አርፎ በቢራው በኩል ወደ ካሜራው ይመለሳል። ክፍሉ ጨለማ ሆኖ ቢራው ብቻ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። በነጭ ወረቀት ፋንታ የአልሙኒየም ፎይል ብትለጥፍ ብርሃኑ ይጠነክራል። ወርቃማ ወረቀት የሚጠቀሙም አሉ። እኔ አልመክርህም። ወርቃማው ካርድ የላገርህን ቀለም ይቀይረዋል፤ ደንበኛ መጥቶ ነጣ ያለ ቢራ ሲቀርብለት "ፎቶው ላይ ያለው ይሄ አይደለም" ይልሃል። ትልቅ ፋብሪካ ይህን ቅሬታ አይሰማውም፤ አንተ ግን ባንኮኒው ጋ ቆመህ ትሰማዋለህ።

ስለ ጃምቦው ልንገርህ። የምትሸጥበት ጃምቦ ጎድጎድ ያለ ጥለት ካለው፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ለብቻው ትንሽ ሌንስ ሆኖ ክፍሉን ሁሉ ቆራርጦ ያሳያል። ለመጠጣት ያምራል፤ ለፎቶ ፈተና ነው። ለፎቶ ልሙጥ ብርጭቆ ፈልግ። ወፍራምነቱንም አስብበት። ብርሃኑ በቢራው ውስጥ የሚጓዘው ርቀት በረዘመ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ ያው አንድ ላገር በሰፊ ጃምቦ ጠቆር፣ በቀጭን ረጅም ብርጭቆ ፈካ ብሎ ይታያል። ነጣ ያለውን በሰፊው፣ ደፈርስ ያለውን የስንዴ ቢራ በረጅሙ ብታደርግ ሁለቱም ቀለማቸውን ያገኛሉ። ጃምቦውን የግድ ማሳየት ካለብህ ደግሞ ሰው ይዞት አንሳው። እጅ ሲኖር ዓይን ወደ ጥለቱ አይሄድም።

የስንዴ ቢራው ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ብዥታው ብርሃንን በውስጡ ስለሚበትን፣ ከጀርባም ከጎንም ብታበራው ይቀበላል። ጥቁሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሐኪም ስታውት የሚባለውን ጥቁር ቢራ በብርጭቆ ይዞ ወደ መብራት ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ብርሃን አያልፍም፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ቀላ ይላል። ስለዚህ ከጀርባ ማብራት ዋጋ የለውም። ጥቁር ቢራ በጥቁር ጀርባ ላይ አስቀምጥና ብርሃኑን ከግራና ከቀኝ፣ ትንሽ ከኋላ አምጣ። ሁለት ረጃጅም ነጭ መስመሮች በብርጭቆው ጠርዝ ላይ ይወጣሉ፤ ቅርጹን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። የቀረውን ሥራ ለአረፋው ተወው። ክሬም የሚመስለው አረፋ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ፎቶው ያልቃል። ካሜራው ጨለማ አይቶ በራሱ እንዳያፈካው መጋለጡን፣ ማለትም የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ ዝቅ አድርግ፤ አለበለዚያ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንብሃል።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ጠርሙስ ክብ መስታወት ነው፤ ከፊቱ ያለውን ክፍል ከሞላ ጎደል በሙሉ ያንጸባርቃል። ነጸብራቅን ለማጥፋት አትልፋ። ብታጠፋው ጠርሙሱ ከወረቀት የተቆረጠ ይመስላል። ሥራህ ምን እንደሚያንጸባርቅ መምረጥ ነው። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። ስለዚህ ከካሜራው ቦታ ሆነህ ጠርሙሱ ላይ የመስኮቱን ፍሬም ካየህ፣ ወይ ጠርሙሱን ወይ ራስህን ጥቂት አንቀሳቅስ፤ ፍሬሙ ይሄዳል። የምትፈልገው ነጸብራቅ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ከትከሻው እስከ ታች የሚወርድ አንድ ነጭ መስመር ነው። ለዚህ ጠባብና ረጅም ብርሃን ያስፈልጋል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነህ ሁለት ስንዝር ያህል ክፍት ተው፤ ክፍቱን በትሬሲንግ ወረቀት አልብሰው። ትሬሲንግ ወረቀት የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ይሸጡታል። ጠርሙሱን ከክፍቱ ጎን አቁመው፤ መስመሩ ራሱ ይወጣል። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ብታቆም ሁለተኛ፣ ደከም ያለ መስመር ታገኛለህ። ሁለቱ እኩል ባይሆኑ ይመረጣል።

የራስህ መልክ የሚታየው ቀለል ያለ ልብስ ስለለበስክ ነው። ጥቁር ቲሸርት ልበስ። ካልጠፋ ጥቁር ጨርቅ ወስደህ መሃሉን ለሌንሱ ብሳውና ከኋላው ቁም። ሰው ሲያይህ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ።

ቡናማ ጠርሙስ ከጀርባ ካልበራ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከሌብሉ ጀርባ የሚደበቅ ፎይል የለጠፍክበት ካርድ አስገባ፤ አንገቱና ታችኛው ክፍል ሞቅ ያለ ቡናማ ሆነው ይወጣሉ። ሌብሉ ግን ወረቀት ነው፤ ብርሃን የሚፈልገው ከፊት ነው። ትንሽ የእጅ መስታወት ይዘህ የመስኮቱን ብርሃን መልሰህ ሌብሉ ላይ ጣል። መስታወቱ ሲበዛበት በነጭ ወረቀት ተካው። ሁሉንም በአንድ ፎቶ ማሳካት ካቃተህ አትጨነቅ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረህ አንዱን ለጠርሙሱ፣ ሌላውን ለሌብሉ አንሳ፤ በኋላ በፎቶሾፕ ታዋህዳቸዋለህ። የምታያቸው የትልልቅ ኩባንያዎች የጠርሙስ ፎቶዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

አረፋው ላይ ቆየት እንበል። ብዙ ሰው አረፋ የጠፋው ቢራው ደካማ ስለሆነ ይመስለዋል። አረፋን የሚያቆመው ከብቅሉ የሚመጣው ፕሮቲንና ከሆፑ የሚመጣው መራራ ንጥረ ነገር ነው፤ አንተ ጠማቂ ነህና ታውቀዋለህ። የሚገድለው ደግሞ በመጀመሪያ ቅባትና ሳሙና ነው። ብርጭቆው በላርጎ ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ወይም ወጥ በነካ ፎጣ ከተወለወለ አረፋው አይቆምም። ለፎቶ የመረጥከውን ብርጭቆ በብዙ ውሃ አለቅልቀውና ደፍተህ በራሱ አድርቀው፤ ፎጣ ብናኝ ይተዋል። ንጹሕ መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ ውስጡን አርጥበህ ጨው በትንበት። ጨው በሁሉም ቦታ እኩል ከተጣበቀ ንጹሕ ነው፤ ያልያዘበት ቦታ ካለ እዚያ ቅባት አለ። ከዚያ ጨውን አጥበህ አውጣው።

ሁለተኛው የድሬ ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል ውስጥ፣ ከመደርደሪያ የወረደ ብርጭቆ ራሱ ሞቃት ነው። ቢራው ሲነካው ጋዙ በአንዴ ይፈላና ያልቃል። ሐረር ወጥተህ ብታነሳ በ1,885 ሜትር ላይ ያለው ቅዝቃዜ ያግዝሃል፤ ግን ለዚህ ብለህ የደንገጎን ዳገት አትውጣ። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክረህ አውጣው። ቢራውም ከመጠን በላይ አይቀዝቅዝ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ላገር አረፋው ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ብዥ ይላል፤ ንጹሕነቱን ልታሳይ ፈልገህ ደፍርሶ ይጠብቅሃል። ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ጥሩ ነው። ቬንትሌተሩንም አጥፋ። ነፋሱ አረፋውን ያደርቀዋል፣ አቡጀዴውንም ያወዛውዝብሃል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ቅደም ተከተል ነው። ቢራ ቀድቶ መብራት ማስተካከል አይሆንም። የጥሩ አረፋ ዕድሜ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ብርጭቆ ወስደህ ቀጠን ያለ ሻይ ሙላበት። ላገሬ ሻይ መሰለ ብለህ አልነበር? ለአንዴ ሻዩ ላገር ይምሰል። መብራቱን፣ ካርዶቹን፣ ፎከሱን፣ መጋለጡን ሁሉ በሻዩ ላይ ጨርስ። ብርጭቆው የቆመበትን ቦታ በስኮች ምልክት አድርግ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ ሻዩን አንሳና የቀዘቀዘውን ብርጭቆ ምልክቱ ላይ አስቀምጥ። እዚያው ቦታ ላይ ቅዳ። ቀድተህ ከተሸከምከው ይንጠባጠባል፣ ጣትህም አሻራ ይተዋል። አንድ ሰው ይቅዳ፣ አንተ ተኩስ።

አረፋው መውረድ ከጀመረ ጥቂት የጨው ቅንጣት ጣልበትና በስቴኪኒ ቀስ ብለህ አማስለው። ጋዙ በቅንጣቶቹ ላይ ተሰብስቦ ይወጣና አረፋው እንደገና ይነሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ቢራውን ቀይር። እንቁላል ነጭ፣ የሳሙና አረፋ የሚሉህን አትስማ። የራስህ ቢራ የራሱ አረፋ እያለው ምን አስቸኮለህ።

የብርጭቆው ላብስ? በደረቁ የበጋ ወራት የድሬ አየር ብርጭቆውን እምብዛም አያልበውም። ሲያልበውም ጠብታዎቹ ተገናኝተው ይወርዳሉ፤ ከሥሩም ኩሬ ይሠራሉ። ግማሽ ግሊሰሪን ግማሽ ውሃ ቀላቅለህ በትንሽ መርጫ እርጭ። ግሊሰሪን ኮስሞቲክስ ሱቅም መድኃኒት ቤትም አለ። ጠብታው ባለበት ይቆማል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስትረጭ አፉን በወረቀት ሸፍን፤ አረፋ ላይ ካረፈ ያበላሸዋል። ከቢራው መስመር በላይም አትርጭ። እውነተኛ ላብ የሚወጣው ቀዝቃዛው ፈሳሽ በደረሰበት ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለ ጠብታ ውሸት መሆኑን ያልተማረ ዓይንም ይነቃል። ብርጭቆውን ለብቻው ለይተህ እጠበው፤ ለደንበኛ እንዳይሄድ።

ካሜራው ላይ ብዙ የሚባል የለም። የቆየው ካኖንህ በቂ ነው። የሴንሰሩ መጠን ትንሽ የሆነው ዓይነት ከሆነ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 80 ሚሊሜትር ይሠራል፤ ለብርጭቆ ደግሞ ተስማሚ ነው። ኤፍ 8 (የሌንሱ መክፈቻ)፣ አይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት)፣ ትራይፖድ፣ የሁለት ሰከንድ ታይመር። ብርጭቆ ስለማይንቀሳቀስ የካሜራው ፍጥነት ቢዘገይ ግድ የለም። ካሜራው በብርጭቆው ወገብ ከፍታ ይሁን፤ ከላይ ቁልቁል ካነሳህ ብርጭቆው ከሥሩ ይቀጥናል። በስልክ ከሆነ ዋናውን ሰፊ ሌንስ አትጠቀም፤ ራቅ ብለህ በሁለት እጥፍ ዙም አንሳ። ቀርበህ በሰፊ ሌንስ ስታነሳ ብርጭቆው ሆዱ ይነፋል። ስክሪኑን ተጭነህ ፎከሱን ቆልፍ፣ ከዚያ አረፋው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እስኪታዩ ድረስ ብርሃኑን ቀንስ። አረፋው ነጭ ወረቀት ከመሰለ በዝቷል።

ፍላሽህ ከንቱ አይደለም፤ ቦታውን ነው የሳተው። ቢራ ሲቀዳ፣ ጠብታ ሲዘል፣ አረፋ ሲወጣ ማሳየት ከፈለግህ የመስኮት ብርሃን አይችለውም። ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውርደህ ከአቡጀዴው ኋላ አቁመው፣ ኃይሉን ወደ 1/16 ዝቅ አድርግ። በዝቅተኛ ኃይል ብልጭታው ወደ 1/5000 ሰከንድ ገደማ ያጥራል፤ የሚወርደውን ቢራ አየር ላይ ያስቆመዋል። ክፍሉን አጨልምና የካሜራውን ፍጥነት 1/200 ላይ አድርገው። ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳ ትሪገር ያስፈልግሃል፤ እሱን ግዛ።

መብራት የግድ ከገዛህ፣ ማታ ለመሥራት ወይም ለቪዲዮ፣ ሁለት ሳይሆን አንድ ጥሩ ኤልኢዲ ይበቃሃል። እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ ብትገዛም ከአዲስ አበባ ብታስመጣም ካርቶኑ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ፤ የብርሃኑ ቀለም 5500 ኬልቪን አካባቢ መሆኑን፣ ሲአርአይ የሚለው፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ ቁጥር ከ90 በላይ መሆኑን። ሲአርአዩ ዝቅ ያለ መብራት የላገርን ወርቅማነት ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ይብለጨለጫል። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ብልጭልጩ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ጥቁር ሞገድ ካየህ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 አድርግ፣ ይጠፋል።

ግቢ ውስጥ ማንሳት ትፈልግ ይሆናል። ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የተቀመጠ ጃምቦ ያላማረው ማን አለ? ግን ቅጠል ያጣራው ብርሃን አረንጓዴ ነው፤ ለዓይን አይታወቅም፣ ነጩ አረፋ ላይ ግን ይወጣል። በቅጠሉ መሃል የሚወርደው የፀሐይ ቁራጭም ብርጭቆውን ያዥጎረጉረዋል። ከዛፉ ጥላ ይልቅ የሕንፃ ጥላ ፈልግ፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ግን አትሁን፣ ቢጫው ግድግዳ ቢራውን ያነካካዋል። ሰዓቱም ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። ያኔ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ከብርጭቆው ጀርባ ልታደርጋት ትችላለህ። እኩለ ቀን ላይ ከአናት ስለምትወርድ አረፋውን ብቻ አቃጥላ ቢራውን በጨለማ ትተወዋለች።

እግረ መንገዴን አንድ የጠማቂ ጉዳይ። ፀሐይ ላይ ያዋልከውን ጠርሙስ ወደ ፍሪጅ መልሰህ አትሽጥ። ብርሃን የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ይሰብርና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ብዙም አይችሉም። በጠራራ ፀሐይ ላይ ያለ ብርጭቆ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይሸታል። የፎቶው ቢራ ለፎቶ ብቻ ይሁን።

ስለ ጀርባ ምስል አንድ አስተያየት አለኝ። አንዳንዱ ጠማቂ "አካባቢያችንን እናሳይ" ብሎ ጃምቦውን የጀጎል በር ፊት ያቆማል። አልስማማም። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ውስጡ 82 መስጊዶች ያሉበት ከተማ ነው። እዚያ ፊት ቢራ ማቆም ጎረቤትህን ማስቀየም ነው፤ ድሬ ውስጥም መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን በሚታይበት አቅጣጫ አታንሳ። አካባቢውን በሌላ መንገድ ማሳየት ትችላለህ። የባቢሌ ኦቾሎኒ በትንሽ ሳህን፣ የግቢህ ድንጋይ ወለል፣ የራስህ የጠመቃ በርሜል። ማሽኑ የሚያብረቀርቅ ብረት ስለሆነ እሱም መስታወት ነው፤ የጠርሙሱ ሕግ ይሠራበታል። ሎሚ ጠርዙ ላይ አትሰካ፣ በሎሚ የማታቀርበው ከሆነ።

ሰው ካስገባህ ለአካለ መጠን መድረሱ በግልጽ የሚታይ ሰው ምረጥ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም ዘግቷል። ገጽህ ላይ የምትለጥፈውን ጽሑፍ፣ በተለይ "ይሸለሙ" ምናምን የሚለውን፣ ሕጉን ለሚያውቅ ሰው አሳይ። መኪና ውስጥ ጃምቦ ይዞ የሚስቅ ሰው ግን ሕግም ሳይጠየቅ አይሆንም።

ኤዲት ስታደርግ እጅህን ሰብስብ። ብርጭቆውን አጠገብህ አስቀምጠህ ከስክሪኑ ጋር አመሳክር፤ ቀለሙ ከእውነተኛው እንዳይርቅ። አቧራና አሻራ አጥፋ፤ አረፋ አትጨምር።

ባለሙያ መቅጠርን በተመለከተ፣ ለየሳምንቱ ፖስት አያስፈልግህም፤ ከላይ ያልኩህን አንድ ቅዳሜ ብትለማመደው ትችለዋለህ። ለሌብል፣ ለትልቅ ባነርና ለሜኑ ግን ቅጠር፤ እዚያ ላይ የጠርሙሱ መስመር ትንሽ ቢጣመም በሜትር ይታያል። ስትመርጥ የሰርግ አልበሙን አትይ። ብርጭቆ፣ ሽቶ ወይም ሰዓት አንስቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀውና ሥራውን ይሳይህ። ጠርዙን ተመልከት፤ ጠርዙ በእኩል መስመር ከታየ ሥራውን ያውቃል። ዋጋ ስትነጋገሩ ደግሞ በፎቶ ብዛት አትነጋገር። ሦስት ቢራ፣ እያንዳንዱ በብርጭቆና በጠርሙስ፣ ስድስት የተጠናቀቁ ምስሎች ብለህ ተስማማ። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል ቢልህ አይግረምህ፤ በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ የሚለውን ግን ተጠንቀቀው።